በእናቴ የጡረታ ፋይል ውስጥ ገና ልጅ ነበርኩ

«ልጅቷስ የታለች?» አለ ሰውየው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

እናቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ይችው» አለች።

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ከኋላዬ አየ፤ ከዚያ ደግሞ በሩን አየ። የሚፈልገው ዩኒፎርም የለበሰች፣ ደብተር የታቀፈች ልጅ ነው። ፊቱ የቆምኩት እኔ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ የወጣሁ፣ ከንፈሬን የተቀባሁ፣ ገና አሁን ከባጃጅ ሾፌር ጋር በሒሳብ ተጨቃጭቄ የገባሁ ሴት ነኝ።

«ይቺን አይደለም፤ ትንሿን ነው የምልሽ» አለ። «ዕድሜዋ ያልደረሰውን።»

«ሌላ የለኝም» አለች እናቴ። «ይቺም ትበቃኛለች።»

ወረፋ የያዙት ጡረተኞች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሰውየው ግን አልሳቀም። መታወቂያዬን ተቀበለኝና የልደት ቀኔን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ እንደገና መታወቂያውን አየ። «አቦ፣ ጉድ ፈላ» አለ ቀስ ብሎ ለራሱ።

የሄድነው በደህና ነገር ነበር። ጡረተኞች በአካል እየቀረቡ በሕይወት መኖራቸውን ያሳዩ፣ በአዲሱ መታወቂያም ይመዝገቡ ስለተባለ ነው። እናቴ የምትበላው የአባቴን ጡረታ ነው። አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር፤ የሞተው እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያን ቀን ጠዋት እናቴ ለሠርግ ብቻ የምታወጣትን ነጠላ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሽቶ ነካክታ ነበር የወጣችው። መኖሯን የሚጠራጠር ካለ እንዲያፍር ነበር ሐሳቧ።

ሰውየው ወንበር ሰጣትና ነገሩን አስረዳን። ባል ሲሞት ጡረታው ለሚስት ይሄዳል፤ አሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላው ልጅ ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው። ሁለቱ ተደምረው በእናቴ ስም ስለሚገቡ፣ እሷ የምታውቀው አንድ ጡረታ እንጂ ሁለት ድርሻ አልነበረም። ልጁ አሥራ ስምንት ሲሞላው የእሱ ድርሻ ይቆማል። የእኔ አልቆመም። በእነሱ ፋይል ውስጥ እኔ ገና ዘንድሮ ወይ ከርሞ ነው ለአቅመ ሔዋን የምደርሰው።

«እንዴት ሆኖ?» አልኩት።

ፋይሉን አስመጥቶ ከፈተልን። ውስጡ የተወለድኩበት የባቡር ክሊኒክ ካርድ አለ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው፤ ቀኑም የፈረንጅ ነው። ከጎኑ የአባቴ የሞት ማስረጃ አለ፤ እሱ በአማርኛ ነው፤ ቀኑም የሐበሻ ነው። በዚያን ጊዜ ፋይሉን ያደራጀው ሰው ሁለቱንም እንዳሉ፣ ቁጥሩን ብቻ ገልብጦ በአንድ ዘመን አቆጣጠር አስገብቷቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰባት ዓመት ከምናምን ወጣትነት በነፃ ተሰጠኝ።

የባቡር ሰፈር ሰው ይህን ስህተት ሲሰማ አይገርመውም። እኛ ቤት ዘመን የሚቆጠረው በሁለት ዓይነት ነበር። ደሞዝ፣ ፈረቃ፣ የዓመት ፈቃድ፣ ክሊኒክ፣ ይሄ ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ ባቡሩ የሚያውቀው እሱን ነውና። ክርስትና፣ ጾም፣ ተዝካርና የቤት ኪራይ ደግሞ በሐበሻ ነው። አባቴ ሁለቱን ሳይምታታበት ይኖር ነበር። እኔም ብሆን የምሠራው የጉምሩክ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ቀን ስገለብጥ ነው የምውለው። የሁለቱ ቀን አንድ ፋይል ላይ ተገናኝቶ ይጣላል ብሎ ያሰበ ግን ማንም አልነበረም።

የገረመኝ ሌላ ነው። በፋይሉ ሒሳብ አባቴ ሲሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበር። ታዲያ ደረቁን የድሬዳዋ ወንዝ፣ ደቻቱን ስንሻገር ትከሻው ላይ ቁጭ ብዬ «አሁን ጎርፍ ቢመጣስ?» እያልኩ የምጠይቀው ማን ነበር? ሒሳብ ስሳሳት እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ የሚያርምልኝስ? ፋይሉ ገንዘብ ጨምሮልን አባቴን አሳጥሮብኛል። ይህን ለሰውየው ልነግረው ከአፌ አደረስኩና ተውኩት፤ ምን ያድርግልኝ?

«እና አሁን ምን ይሁን ነው የምትለው?» አልኩት በምትኩ።

«ያለአግባብ የተከፈለው ይመለሳል። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ ከጡረታው ላይ በየወሩ ይቆረጣል።»

ደሜ ፈላ። ስህተቱ የእናንተ፣ ካርዱ በእጃችሁ፣ ፈረንሳይኛ ማንበብ አቅቷችሁ እሷ ትክፈል? ይሄ ሁሉ ዓመት የት ነበራችሁ? ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሎ ኖሮ ወረፋ ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ሰውየው አልተቆጣም። «እህቴ፣ ስህተቱ የሷ አይደለም፤ የኔም አይደለም፤ ያን ጊዜ እኔ ራሴ ተማሪ ነኝ። ገንዘቡ ግን የመንግሥት ነው» አለኝ።

«ተይ» አለችኝ እናቴ። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ስንት ትቆርጣላችሁ?»

«እስከ ሲሶ ይቻላል። ግን እናቴ ስሚኝ፣ ችግርሽን ገልጸሽ ማመልከቻ ካስገባሽ ዝቅ ይደረግልሻል። እኔ አውቃለሁ፣ ይደረጋል።»

ድሬ ላይ ሚኒስትርም ቢመጣ አንተ ነው፤ የሰባ ዓመት እናትም አንቺ ናት። የመሀል አገር ሰው ሲሰማው ብልግና ይመስለዋል። እዚህ ግን አንዳንዴ ፍቅር በዚህ በር ነው የሚገባው፤ ሰውየውም «አንቺ» ሲላት ከልቡ እንደሆነ ገብቶኛል።

እናቴ ግን ፊቷን አጠቆረች። «ምን ብዬ ነው የማመለክተው? ቸግሮኛል ብዬ?»

«አዎ።»

«አልቸገረኝም። ሲሶውን ቁረጡ።» ፈረመች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ባጃጅ ውስጥ ተጣላን። ማለት እኔ ተጣላሁ፤ እሷ የከዚራን ሰፈር ትመለከት ነበር፣ ዛፎቹን። ስጨርስ «አባትሽ» አለች፣ «ከጋራዡ አንዲት ብሎን በኪሱ ይዞ ገብቶ አያውቅም። እኔ በሱ ስም የመንግሥት ገንዘብ በልቼ፣ ከዚያ ደግሞ ማሩኝ ብዬ ልጻፍ? አላደርገውም።»

«አልበላሽም እኮ! እነሱ ናቸው የሰጡሽ!»

«በልተነዋል» አለች። «ያንቺ ኮሌጅ ነው። ጣሪያው ነው። በልተነዋል።»

ለሾፌሩ ሒሳቡን ሳልከራከር ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማስረዳት የኛን ቤት ወር ማወቅ ያስፈልጋል። ቤታችን የቀበሌ ነው፤ ኪራዩ አይከብድም። የእኔ ደሞዝ ለአስቤዛ፣ ለመብራትና ለውኃ ነው። የእናቴ ጡረታ ደግሞ በገባ ቀን፣ ከምንም በፊት፣ የዓይን ጠብታ ይገዛበታል። እናቴ ግላኮማ አለባት። ዶክተሩ ሲያገኘው የግራ ዓይኗ ደክሞ፣ ቀኙ ገና ደህና ነበር። «ይሄ የሚድን አይደለም፤ ባለበት የሚያዝ ነው። ጠብታውን ያቋረጥሽ ቀን መሄድ ይጀምራል፤ የሄደ ደግሞ አይመለስም» ብሏታል እኔ ባለሁበት። ጠብታው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል። ከዓይኗ የሚቀድም ወጪ እኛ ቤት አልነበረም።

አሁን የእኔ ድርሻ ወጣ፤ ከቀረው ላይ ደግሞ ሲሶው ተቆረጠ። በዚያው ሰሞን የእኔም መሥሪያ ቤት ቀዘቀዘ። ዕቃ ሲጠፋ ትራንዚተር ምን ይሠራል? አለቃዬ ደሞዙን ለሁለት እየከፈለ፣ ግማሹን አሁን ግማሹን ሲመቸኝ ይል ጀመር። አይመቸውም ነበር። እጅ አጠረን። ሥጋ ለበዓል ሆነ። ጠዋት ወደ ሥራ በእግር፣ ማታ ወደ ቤት በእግር ሆነ፤ በድሬ ፀሐይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቬንትሌተሩን እናቴ እኔ ስገባ ታበራዋለች፤ ጎረቤቶች እንደነገሩኝ ከሆነ እኔ ስወጣ ታጠፋዋለች።

አንድ ነገር ግን አልነካውም ብዬ ነበር፤ ጠብታውን። ጡረታ በገባ ቁጥር እጠይቃታለሁ።

«ጠብታው አለቀ?»

«አለ።»

«አሳዪኝ።»

ፍሪጅ በር ላይ ያስቀመጠችውን ብልቃጥ አንስታ ጆሮዬ ላይ ታንቀጫቅጨዋለች። «ይኸው። አለ።»

ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም። አምራቹ ጨምሮበት ይሆናል፣ ወይም እሷ ማፍሰሱን ትታ ይሆናል አልኩ። እናቴ ጠብታ ስታደርግ ሰው አጠገቧ አትወድም። ጓዳ ትገባለች፣ ወደ ግድግዳው ዞራ አንገቷን ወደ ኋላ ታዘነብላለች፣ አጉረምርማ ትወጣለች። ከድሮም እንዲሁ ናት።

ነገሩን ያወጣችው የሰፈራችን ባለሱቅ ናት። ሶማሌ ናት፤ ሱቋ ከደጃችን ፊት ለፊት ነው። እናቴና እሷ ባሎቻቸውን የቀበሩት በአንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የዱቤው ነገር በመካከላቸው ሒሳብ መሆኑ ቀርቷል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ «አባዮ፣ ነይ» ብላ ጠራችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። ዕዳችን የበዛ መሰለኝ።

«ዱቤው ነው?»

«ኸላስ፣ የምን ዱቤ!» አለች ተቆጥታ። «እናትሽን ነው። እናትሽ መልስ ጥላ ትሄዳለች።»

«መልስ?»

«የብር መልስ። በዚህ በኩል ስሰጣት ትቀበላለች» ብላ ቀኝ በኩሌን ነካች። «በግራዋ በኩል ባንኮኒ ላይ ሳስቀምጥላት፣ ወላሂ፣ አታይም። ትታው ትሄዳለች። መጀመሪያ ረስታ ነው አልኩ። ትናንት ደግሞ ባጃጅ ከዚህ በኩል መጥቶ ሊገጫት ነበር። ጮህኩኝ። አላየችም፣ አባዮ። ብርሃን ነው፣ ቀን ነው፣ አላየችም።»

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም።

እናቴ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ደህና ዋልሽ እንኳን ሳልላት አጠገቧ ተንበረከክሁ፤ ቀኝ ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩት። እንደ ልጅ ጨዋታ አስመሰልኩት።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

ሌላውን እጄን በግራዋ በኩል ፊት ለፊቷ ዘረጋሁ። «ስንት ጣት ነው?»

ምስሩ ከትሪው ላይ ትንሽ ፈሰሰ።

«እማ፣ ስንት ነው?»

«እጅሽን አንሺ» አለች። «ሞቀኝ።»

ጮህኩባት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሰፈር እስኪሰማ ጮህኩባት። እንባዬ እየወረደ፣ ብልቃጡን ከፍሪጅ አውጥቼ ፊቷ ላይ እያወዛወዝኩ፣ «አለ አለ ስትዪኝ የነበረው ይሄ ነው?» አልኳት። እሷም መለሰችልኝ፤ እናቴ ተሰድባ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«ለደህናው እያደረግሁ ነው!» አለች። «ለደህናው አንድ ቀን አላቋረጥኩም! ያኛው አስቀድሞም ደክሟል ተብሏል፤ አንቺም ሰምተሻል። አንዱን ብልቃጥ ለሁለት ከማካፍለው፣ ለአንዱ ባደርገው ሁለት ወር ይሄድልኛል። ሒሳብ ነው ይሄ። ምን ላድርግ? ያንቺን ጫማ አይቻለሁ እኮ! ሶሉ ወጥቶ በካርቶን ደግፈሽ ስትሄጂ አይቻለሁ። ዓይን የለኝም መሰለሽ?»

ይህን ስትል ብልቃጡን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

በኋላ አቀፍኳት። ትከሻዋ እንደዚያ መቅጠኑን ከዚያ በፊት ልብ አላልኩትም። «ማመልከቻውን እንጻፍ» አልኳት። በዚህ ጊዜ እምቢ አላለችም፤ እሺም አላለችም። ምስሩን መልቀም ቀጠለች።

መጀመሪያ የዓይን ሐኪሙ ጋ ሄድን። የባለሱቋ ወንድም በባጃጁ ወሰደን፤ ሒሳብ ልከፍለው ስል እህቴ ትገድለኛለች ብሎ ሸሸኝ። ሐኪሙ በመሣሪያው አየ፣ አሳየ፣ ጠየቀ። ቀኙ እንዳለ ነው አለ። ግራው ላይ የቀረው ጥቂት ጥላ ነው፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ትንሽ ይታወቃት ይሆናል፣ ከዚያ ያለፈ የለም። እሷን ሊቆጣት ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ቢሆንም ለሁለቱም አድርጊ» አላት። «ጥላውም ቢሆን ያንቺ ነው። ግፊቱ ከጨመረ ደግሞ ሕመም ያመጣብሻል።» ማስረጃ ጻፈልን፤ ማኅተም አደረገበት።

ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሥራዬ ለጉምሩክ ስንት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ እንደዚህ የከበደኝ የለም። «አመልካች ችግረኛ በመሆኔ» ብዬ ጀመርኩ። እናቴ አስነበበችኝ።

«ችግረኛ የሚለውን አውጪው።»

«እማ፣ እሱ ካልተጻፈ ምን ይባላል?»

«ዓይኔን አሞኛል በይ። መድኃኒት መግዣ አነሰኝ በይ። ያ እውነት ነው። ችግረኛ ግን አይደለሁም፤ ልጅ አለኝ።»

አወጣሁት። እንደነገረችኝ ጻፍኩ።

ጠዋት በማለዳ ሄድን፤ ድሬ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ከሙቀቱ በፊት ካልደረሰ ጉዳይ የለውም። ያው ሰውዬ ነበር። እናቴን ሲያያት ተነሣ። በዚህ ጊዜ ነጠላዋም የዘወትር ነበረች፣ ሽቶም አልነበረም፤ ወደ ወንበሩ ስትሄድ የጠረጴዛውን ጠርዝ በግራ እጇ ፈልጋ ነው ያገኘችው። አየ። ማመልከቻውን አነበበ፤ የሐኪሙን ወረቀት አነበበ። አንድ ጊዜ ብቻ «ምነው ያን ቀን ብትነግሪኝ?» አላት።

«ያን ቀን ደህና ነበርኩ» አለችው።

ወረቀቶቹን ደረደረና «እዚህ ጠብቁኝ» ብሎ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መዝገብ ቤት ይሰጥና ሳምንት ጠብቁ ይባላል። እሱ ግን ራሱ ከኃላፊው ክፍል ገባ፤ ቆየ፤ ወጣ፤ ሌላ ክፍል ገባ። በመስኮቱ ስመለከት ከአንዲት ሴት ጋር እጁን እያወናጨፈ ይከራከራል። እኔ በዚህ ሰውዬ ላይ ስንት ወር የተናገርኩትን እያሰብኩ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው መውደድ ያናድዳል።

ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። «ዝቅ ተደርጓል» አለ። የሚቆረጠውን መጠን ሲነግረን ጆሮዬን አላመንኩም፤ ከአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ብዙ የሚበልጥ አልነበረም። ጠብታው ተመልሶ ይገዛል ማለት ነው። እናቴ ግን ደስ ከማለት ይልቅ ታሰላ ነበር።

«በዚህ አካሄድ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ሰውየው በካልኩሌተር መታው። የመጣውን ቁጥር አይቶ ካልኩሌተሩን ወደ ራሱ አዞረ። «እሱን ተይው፣ እናቴ።»

«ንገረኝ። መቶ ዓመት ይሞላኛል?»

«ወደዚያ ነው» አለ ፈገግ ብሎ።

«ከሞትኩስ? ልጄ ላይ ይዞራል?»

«አይዞርም። ከሞትሽ ይቆማል።»

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች። «እንግዲያውስ ሳልጨርስ አልሞትም» አለችው። ሰውየው በዚህ ጊዜ ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ስንወጣ ደረጃው ላይ እጇን ያዘላት፤ እስከ ታችኛው ድረስ አልለቀቃትም።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። ጡረታው በየወሩ ይገባል፣ ትንሽ ይቆረጣል፤ እናቴ «ቆረጡ?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ «ቆረጡ» ስላት ራሷን ትነቀንቃለች፤ እንደ ደህና ዜና ነው የምትሰማው። የእኔም አለቃ ሲመቸው መክፈል ጀምሯል። ቀኝ ዓይኗ እስካሁን መርፌ ያስገባል። መንገድ ስትሻገር በግራዋ እኔ ነኝ፤ እኔ ከሌለሁ ባለሱቋ ሱቋን ትታ ትመጣለች።

ጓዳ ገብቶ ማድረግ ቀርቷል። ጠብታውን አሁን የማደርግላት እኔ ነኝ፤ ከሥራ እንደገባሁ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ በረንዳው ላይ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ግራው ላይ ሳደርግ «ለዚህኛው ታባክኚዋለሽ» ትላለች፤ እኔ አልሰማትም።

ባለፈው ሰሞን ቀኙን ካደረግሁላት በኋላ እንዳይፈስ ዓይኗን በጥጥ ሸፍና ያዘችው፤ ቀጥሎ ግራውን አደረግሁ። ከዚያ ፊት ለፊቷ፣ ከእግሯ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ድንገት ልጠይቃት አሰኘኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ጥላው ጨምሮላት እንደሆነ ብዬ ነው።

«እማ፣ በዚህኛው ምን ይታይሻል?»

ጊዜ አልወሰደባትም። ፈገግ ብላ አገጯን ወደ ላይ አነሣች፣ ከራሴ በላይ ወዳለው አየር።

«አንቺ ነሽ፤ ቆመሻል» አለች። «ደህና አድርጌ አይሻለሁ።»

«ጎሽ» አልኳት ከመሬቱ ላይ።